ክልኤቱ፣ ሁለት፣ ዄት፦ የአንድን ቃል ዘር ከገበያ ተነሥቶ መፈለግ

ወልቂጤ መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» እያለ ሲጣራ፣ ከእምድብር የመጣችው ቸሃ ተናጋሪ ለባልንጀራዋ «ዄት» ትላለች። የጉራጌን ተራሮች ተሻግሮ ቡታጅራ ሲደረስ ደግሞ በሰሜን ከቡኢ የመጣው ክስታኔ «ኪት»፣ በደቡብ ከወራቤ የመጣው ስልጤ «ሆሽት» ይላል። ላይ ላዩን ሲሰሙ አራት ቃላት ናቸው። ሥራቸው ሲቆፈር ግን አንድ ቃል ነው፤ ያውም ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሁሉ ሳያስተውለው በግእዝ ሲሰማው የኖረ።

ይህን ለማወቅ የቋንቋ ሊቅ መሆን ግድ አይደለም። ደብተር፣ ስልክ፣ ትዕግሥትና ትንሽ ጥርጣሬ ይበቃል። ከአራቱ ብዙዎቻችንን የሚያንሰን ጥርጣሬው ነው። ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመድ አይሆኑም፤ ስላልተመሳሰሉም ባዕድ አይሆኑም። የቃል ዘር የሚታወቀው ቃሉን ብቻውን አፍጥጦ በማየት ሳይሆን በጎኑ የሚሰለፉለትን ሌሎች ቃላት በማየት ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች በሙሉ ለዚህ የተሠሩ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የሚፈልጉትን ቃል መምረጥ

ተራ ቃል ይምረጡ። ሰዎች ከእናታቸው ጀርባ ሳይወርዱ የሚማሩት፣ በቀን ብዙ ጊዜ የሚነገር፣ ለመዋስ ምክንያት የሌለው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቁጥር፣ የሰውነት ክፍል፣ ዘመድ፣ ውሃ፣ እሳት፣ መብላት፣ መሞት። አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ሞሪስ ስዋዴሽ ቋንቋዎችን ለማነጻጸር ያዘጋጀው የመቶ ቃላት ዝርዝር የተመረጠው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ «ሁለት»ም አለበት።

ለጀማሪ የማይመከሩት ከሸቀጥ ጋር የገቡ ቃላት ናቸው። «መኪና»፣ «ጎማ»፣ «ፖስታ» ከጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ፣ ወልቂጤም ቡታጅራም ሐረርም ያው ናቸው። አንድ ቃል በየቋንቋው ያለ ለውጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ ደስ አይበልዎ። አብሮ ያደገ ቃል በየቤቱ መልኩን ይለውጣል፤ ትናንት የመጣ እንግዳ ግን ገና አልተለወጠም።

ለዚህ መመሪያ የያዝነው ቃል «ሁለት» ነው።

ደረጃ 2፦ ማን ምን እንደሚናገር መለየት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። «በጉራጌኛ ሁለት ምን ይባላል?» ብሎ መጠየቅ መልስ ያስገኛል፣ ግን የማን መልስ እንደሆነ አይታወቅም። ጉራጌኛ የሚባል አንድ ወጥ ንግግር ገበያ ላይ የለም። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ መገናኛ ናት። የእምድብሩ ቸሃ፣ የአገናው እዣ፣ የአረቅጡ ጉመር፣ የጉንችሬው እኖር ሁሉ እዚያ ይወርዳል፤ በዙሪያዋ ደግሞ ቋንቋቸው ከሴም ሳይሆን ከኩሽ ወገን የሆነ ቀቤናዎች አሉ። ቡታጅራም እንዲሁ ናት። የመስቃን አገር ናት፤ ከላይ ክስታኔ፣ ከታች ስልጤ፣ በምሥራቅ ደግሞ በርበሬውን አገር ያወቀለት ማረቆ አለ። የማረቆዎች ቋንቋ ሊቢዶም የኩሽ ወገን ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ሦስት ነገሮችን ይጻፉ፦ ተናጋሪው የት ተወለደ፣ እናቱ የየት አገር ሰው ናት፣ አሁን የት ይኖራል። ሴት ከሆነች የት እንደተዳረችም ይጠይቁ፤ እዣ ተወልዳ ቸሃ የተዳረች እናት ሁለቱንም ልትናገር ትችላለች፤ የሰጠችዎ ቃል የየትኛው እንደሆነ ግን እርሷ ካልነገረችዎ አያውቁትም።

ከስም አጠራርም ይጠንቀቁ። ስልጤዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ራሳቸውን የቻሉ ሕዝብ መሆናቸውን አጽንተው የራሳቸውን ዞን አቋቁመዋል፤ ቡታጅራ ላይ ስልጤውን «በእናንተ ጉራጌኛ» ብሎ መጀመር ውይይቱን ሳይከፈት መዝጋት ነው። በድሮ መጻሕፍት «ሶዶ» ተብሎ የሚገኘውን ቋንቋም ባለቤቶቹ ክስታንኛ ይሉታል።

የስልጤ ነገር ከአክብሮት ያለፈ የቋንቋ ምክንያትም አለው። ሮበርት ሄትዝሮን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ምደባ ስልጥኛን፣ ወለኔንና ዛይን ያስቀመጠው ከቸሃና ከእዣ ጋር ሳይሆን ከሐረሪ፣ ከአማርኛና ከአርጎባ ጋር ነው። አንድ ቃል ብቻ ያንሡ፦ ቸሃው ቤቱን «ቤት» ሲል ስልጤው «ጋር» ይላል፤ ሐረሪውም «ጋር» ይላል። በመንገድ የሚቀርበው ሰው በቋንቋ ዘር ላይቀርብ ይችላል።

ደረጃ 3፦ መጠየቅ ሳይሆን ማስቆጠር

ከተማ ውስጥ እንግዳ ሲያዩ ሰዎች ወዲያው ወደ አማርኛ ይዞራሉ። «ሁለት እንዴት ይባላል?» ሲባሉም ብዙዎቹ ያስባሉ፤ ያሰበ ሰው ደግሞ ያስተካክላል። የሚሻለው ማስቆጠር ነው። መጀመሪያ የሚገዙትን ይግዙ፤ ሳይገዙ የሰው ጊዜ መውሰድ ነውር ነው። ከዚያ፦

«እማማ፣ ይህን ለትምህርት ነው የምጽፈው። ከአንድ እስከ ዐሥር በሀገርዎ ቋንቋ ይቁጠሩልኝ እስቲ፤ ልቅዳዎት?»

ፈቃድ ካገኙ በኋላ ብቻ ስልኩን ይክፈቱ። ቁጥሩ በተርታ ሲነገር ካዳመጡ በኋላ ቃሉን ከተርታው አውጥተው እንደገና ያስነግሩት። «ሁለት አቮካዶ»፣ «ሁለት ልጆች»፣ «ሁለታችሁም ኑ» በቋንቋቸው ምን እንደሚባል ይጠይቁ። ይህ የሚያስፈልገው ቁጥር በተርታ ሲጠራ ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚስብ ነው። ስልጤ ሁለትን «ሆሽት» ሦስትን «ሼሽት» ሲል መጨረሻቸው መግጠሙን ያስተውሉ። እንዲህ ያለ መሳሳብ በዓለም ሁሉ ይታያል። የስካንዲኔቪያ ሰዎች አራትን በ«ፈ» የሚጀምሩት (ዴንማርክ «ፊረ»፣ ስዊድን «ፊራ») ቀጥሎ የሚመጣው አምስት «ፌም» ስለሆነ ነው ብለው የቋንቋ ታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ፤ ላቲን አራትን «ኳቱኦር» ሲል «ፈ» እንኳ አይሸተውም።

ከአንድ መንደር አንድ ሰው ብቻ አይያዙ። ሽማግሌም ወጣትም ይስሙ፤ ከተማ ያደገው ወጣት በአማርኛ ቆጥሮ በእናቱ ቋንቋ ሊሰድብዎ ይችላል፤ ስድቡ ለጥናትዎ ከቁጥሩ የበለጠ ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ የሰሙትን ሳያማርሙ መጻፍ

ጆሯችን አማርኛ የለመደ ስለሆነ የሰማነውን ወደ አማርኛ ስበን እንጽፋለን። የቸሃው «ዄት» መነሻ ድምፅ «ሁ»ም «ኩ»ም አይደለም፤ ከጉሮሮ በላይ ተፋትጎ የሚወጣ፣ ከንፈርን አሹሎ የሚነገር «ኸ» ነው። የግእዝ ፊደል ለዚህ ሳይቸገር ዀ፣ ዄ የሚሉ ቀለሞች አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ይጠቀሙባቸው።

ሁለተኛው ችግር መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን «ገና» በዓሉንና «ገና» ጊዜውን ለይቶ አይጽፍም። ለቃል ዘር ፍለጋ ግን መጥበቅ ዋና ማስረጃ ስለሆነ፣ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ያድርጉ፤ ወይም «ጠብቆ» ብለው ይጻፉ። ምክንያቱ በሚቀጥለው ደረጃ ግልጽ ይሆናል።

በኮምፒዩተር ለሚጽፍ፦ የሰባት ቤት ጉራጌ (ቸሃና እዣ ያሉበት ወገን) ልዩ ድምፆች፣ ለምሳሌ እንደ «ክየ» እና «ግየ» ተጣብቀው የሚነገሩት፣ የራሳቸው ቀለሞች አሏቸው። ዩኒኮድ የተወሰኑትን እ.ኤ.አ. በ2005 ጨምሯል፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጌኛ አጻጻፍ የሚያገለግሉ ሌሎች 28 ቀለሞች ገብተዋል። የቆየ ስልክ እነዚህን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳያል፤ ስለዚህ በእጅ የተጻፈውን ደብተር አይጣሉት። በቀለም ማጣት ተሳብቦ «ይህ ቋንቋ አይጻፍም» ለሚልም መልስ አለ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመለትን የሺንጋን መንደር ልብ ወለድ መጀመሪያ የጻፈው በቸሃ ነው፤ በዚሁ በግእዝ ፊደል።

ደረጃ 5፦ ተርታ መሥራት

ሥራው እዚህ ነው፤ ቢቻል ሳምንት ይስጡት።

ከሚፈልጉት ቃል ለጊዜው ዐይንዎን ያንሡና ትርጉማቸው የማያጠራጥር ቃላትን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በ«ሰበረ» እንጀምር። አማርኛ «ሰበረ» ሲል «በ»ን ያጠብቃል። እዣ «ሰበረም» ይላል፤ አጥብቆ። ቸሃ ግን «ሰፐረም» ይላል፤ አያጠብቅም፣ ነገር ግን «በ» ወደ «ፐ» ሆኗል። አሁን «ከፈተ»ን ይጨምሩ፦ አማርኛ «ከፈተ» ጠብቆ፣ እዣ «ከፈተም» ጠብቆ፣ ቸሃ «ከፈተም» ላልቶ። ሕጉ ታየ፤ ቸሃ መጥበቅን ጥሏል፣ በጣለበት ቦታ ግን «በ» ከነበረ ዱካው «ፐ» ሆኖ ቀርቷል። ደረጃ 4 ላይ መጥበቁን ያልጻፈ ሰው ይህን ፈጽሞ አያየውም።

ቀጥሎ «በላ»። አማርኛ «ለ»ን አጥብቆ «በላ» ሲል ቸሃ «በናም» ይላል። ይህ ሰው ያስደነግጣል። የአሁኑን ጊዜ ሲጠይቁ ደግሞ «ይበራ» ይሉዎታል፤ «ለ» አንድ ጊዜ «ነ»፣ አንድ ጊዜ «ረ» ሆነ ማለት ነው። ግን በዘፈቀደ አይደለም። ድሮ ጠብቆ በነበረበት ቦታ «ነ»፣ ላልቶ በነበረበት ቦታ «ረ» ነው። ቸሃ ውስጥ «ለ»፣ «ነ»ና «ረ» በአንድ ቤት የሚኖሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ የትኛው በር እንደሚከፍት የሚወስነው ቦታው ነው።

«ሰው»ንም ይሞክሩ። ቸሃውም ክስታኔውም «ሰብ» ይላል፤ ትግርኛም «ሰብ»። አማርኛ ብቻ «ሰው» ማለቱ ለምን ይሆን? ግእዙ «ሰብእ» ነው። «ብ» በአማርኛ ወደ «ው» ላልታለች፤ «ነበረ» ላልቶ «ኖረ»ን እንደወለደው። እዚህ ላይ ጥንታዊውን መልክ የጠበቀው የወልቂጤ ገበያ እንጂ የመጽሐፉ አማርኛ አይደለም። አማርኛን እንደ ሚዛን፣ ሌላውን እንደ ብልሽት ማየት የለመደ ሰው ይህን ተርታ ሁለቴ ቢያነበው አይከፋም።

አሁን ወደ «ሁለት» መመለስ ይቻላል። መነሻው «ሁ»፣ «ዀ» ወይም «ኪ» መሆኑ ምን ያሳያል? አማርኛ «ሀ» የሚልበት ግእዝ «ከ» የሚልበትን ቦታ ይፈልጉ። «ሁሉ» በግእዝ «ኵሉ» ነው። «ሆነ» በግእዝ «ኮነ» ነው። ቸሃ ደግሞ ለ«ሆነ» «ኸረም» ይላል፤ «ከ» መንገድ ላይ «ኸ» ሆኖ ቆሟል፣ «ነ» ደግሞ ወንድሙን «ረ»ን ልኳል። ወሎ ውስጥ «ኸዚህ»፣ «ኸዚያ» ሲባል የሰማ ሰው «ከ» በ«ኸ» በኩል አድርጎ ወደ «ሀ» ሲሄድ በዐይኑ ያየ ያህል ነው። እርግጥ አማርኛ ሁሉንም «ከ» አልለወጠም፤ «ከፈተ»ም «ከበረ»ም እንዳሉ አሉ። ከአፍ የማይጠፉት እንደ «ሁሉ» እና «ሆነ» ያሉ ቃላት ግን ቶሎ አለቁ፤ የሚበዛበት እጀታ ነው ቀድሞ የሚሳሳው።

እንግዲህ ክስታኔው «ኪት» ሲል መነሻውን «ክ» ጠብቆ አቆይቷል፤ ቸሃው መንገዱ አጋማሽ ላይ ነው፤ አማርኛና ስልጥኛ «ሀ» ደርሰዋል። ሐረሪ «ኮኦት»፣ አርጎባ «ኬት» ማለታቸው ከክስታኔው ጎን ያቆማቸዋል። ትግርኛ «ክልተ» ይላል። ከሁሉም በስተኋላ ግእዙ «ክልኤቱ» አለ።

«ለ»ስ የት ገባች? አማርኛና ትግርኛ ይዘዋታል። ቸሃ፣ ክስታኔ፣ ሐረሪና አርጎባ ጥለዋታል። በደረጃው መጀመሪያ ያየነው ሕግ «ለ» በቸሃ «ነ» ወይም «ረ» ትሆናለች ይላል፤ እዚህ ግን ጭራሽ ጠፍታለች። ሕጉ ፈረሰ አይበሉ። በግእዙ ውስጥ «ል» ብቻዋን አልነበረችም፤ አጠገቧ በጉሮሮ የምትያዝ «እ» አለች። ሐረሪዎች «ኮኦት» ሲሉ መሐል ላይ ቆረጥ የሚያደርጉት ድምፅ የዚያች «እ» መቃብር ነው። ቃል ሲያነጻጽሩ የጠፋው ፊደል ምን አጠገብ እንደጠፋ መጻፍ አይርሱ፤ ብዙ ጊዜ ምስክሩ ጎረቤቱ ነው።

የድምፅ መጥፋት የኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስልዎ ወደ ሰሜን አውሮፓ ብቅ እንበል። የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች እርስ በርስ ያላቸው ቅርበት የቸሃንና የእዣን ያህል ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም። የጥንቱ የኖርስ ቋንቋ ሁለትን በወንድ «ትቬይር» ይል ነበር፤ አይስላንድ እስከ ዛሬ ይህንኑ ይዛ ለወንድ፣ ለሴትና ለግዑዝ ሦስት መልክ ትለያለች። ስዊድን «ትቮ»፣ ዴንማርክና ኖርዌይ «ቶ» ይላሉ። «ቨ» በዴንማርክ መጥፋቱ ሕግ ነው ወይስ አጋጣሚ? ሌላ ቃል ይፈለግ። በስዊድን የቆየ ንግግር እጅን መታጠብ «ትቮ» ይባላል፤ በዴንማርክ የቆየ ንግግር «ቶ»። ያው ተርታ ተደገመ። ስዊድኖች ሳሙናን «ትቮል» የሚሉት ከዚሁ የመታጠብ ግንድ ነው። ከቁጥር ጋር በትርጉም አይገናኝም፤ በድምፅ ለውጥ ግን ምስክር ሆኖ ቆመ። አንድ ጊዜ የታየ መመሳሰል ወሬ ነው። ሁለተኛ ቃል ሲደግመው ነው ፍርድ ቤት የሚቀርበው።

ደረጃ 6፦ መዝገበ ቃላት መክፈት

ብዙዎች ከዚህ ይጀምራሉ። ከተርታው በኋላ ሲመጣ ግን መጽሐፉ የሚለውን ለመመዘን ያስችላል።

ለጉራጌ ቋንቋዎች ዋናው ሥራ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ባለሦስት ቅጽ የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገብ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የ12 ቋንቋዎችንና ዘዬዎችን ቃላት ለየብቻ ይዘረዝራል፤ ሁለተኛው ከእንግሊዝኛ የሚመራ ማውጫ ነው፤ ሦስተኛው ሥሩን ያስረዳል። አጠቃቀሙ፦ ከሁለተኛው ይግቡ፣ በመጀመሪያው የሰበሰቡትን ያስተያዩ፣ ሦስተኛውን መጨረሻ ያንብቡ። አዲስ አበባ ለሚሄድ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያው መጠየቂያ ነው፤ ወልቂጤ አካባቢ ላለ ደግሞ ጉብሬ የሚገኘው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው።

ለግእዝ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» (1948 ዓ.ም.)፣ ለአማርኛ የደቀ መዝሙራቸው የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) አሉ። ሁለቱም የተሰደሩት በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ነው። ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው «ከ»ን ሲፈልግ ቀኑ ይመሽበታል። የሌስላው የግእዝ ማነጻጸሪያ መዝገብ (እ.ኤ.አ. 1987) ደግሞ ግእዙን ከዕብራይስጥ፣ ከዓረብኛና ከሌሎቹ ጋር ያገናኛል።

እዚያ ሲደርሱ አንድ ያልጠበቁት ነገር ይገጥምዎታል። ዕብራይስጥ ሁለትን «ሽናይም»፣ ዓረብኛ «ኢትናን» ይላሉ። ከ«ክልኤቱ» ጋር አይገናኙም። «ክልኤ»ን የሚመስለው ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ዓረብኛ «ኪላ» ሲል «ሁለቱም» ማለቱ ነው፤ ጥንታዊው አካድኛም «ኪላላን» ሲል እንዲሁ። ዘሌዋውያን 19፥19 ላይ ሁለት ዓይነት ነገር እንዳይደባለቅ በሚከለክለው ሕግ ውስጥ ያለው የዕብራይስጥ ቃል «ክልአይም» ነው። እንግዲህ የኛዎቹ ቋንቋዎች አያት «ሁለቱም» ይባልበት የነበረውን ቃል አንሥታ «ሁለት» አድርጋዋለች። ግእዝም ትግርኛም አማርኛም ቸሃም ሐረሪም ይህን መጋራታቸው ሁሉም ከአንድ ማጀት ለመውጣታቸው ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ከባሕር ማዶ ያሉት ዘመዶች ይህን አላደረጉምና።

ደረጃ 7፦ የተባረረውን ቃል መፈለግ

አንድ ቃል ቦታ ሲለቅ አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ አንድ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። የጥንቱ «ሽናይም» እና «ኢትናን» ዘመድ እኛ ዘንድ የት ሄደ?

መጀመሪያ ድምፁን ያዘጋጁ። ዓረብኛ በምላስና በጥርስ የሚለው ያ «ስ» መሰል «ት»፣ በዕብራይስጥ «ሽ»፣ በግእዝ «ሰ» ይሆናል። ማረጋገጫው ስምንት ነው፦ ዓረብኛ «ተማንያ»፣ ዕብራይስጥ «ሽሞኔ»፣ ግእዝ «ሰማንቱ»፣ አማርኛ «ስምንት»። ስለዚህ የምንፈልገው በ«ሰ» የሚጀምር፣ ቀጥሎ «ነ» ያለው፣ ትርጉሙ ከሁለት ጋር የሚዛመድ ቃል ነው።

የሳምንቱ ሁለተኛ ቀን በግእዝ «ሰኑይ» ነው። በአማርኛ «ሰኞ»። ዓረቦችም ይህንኑ ቀን በዚያው ሥር «አል ኢትነይን»፣ ዕብራውያን «ዮም ሼኒ» ይሉታል። «ማክሰኞ» ደግሞ የሰኞ ማግስት ነው። በየአገሩ «ሰኞ ገበያ» የሚባል ሰፈር ያለው ሰው ሁሉ ሁለት የሚለውን አሮጌ ቃል በአድራሻው ይዞ ይዞራል።

«ክልኤ»ም ራሱ በአማርኛ ውስጥ በሌላ ልብስ ተቀምጧል። «ካልእ» ሌላ፣ ሁለተኛ ማለት ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀንን በ60 ኬክሮስ ከከፈሉ በኋላ ኬክሮሱን እንደገና በ60 ሲከፍሉት የሚያገኙትን «ካልኢት» ይሉታል፤ ሁለተኛዋ ክፍልፋይ ማለት ነው። «ሰከንድ» የሚለው የውጭ ቃልም በላቲን «ሁለተኛ» ማለት ነው። ጊዜን የከፋፈሉ ሊቃውንት በሁለት ቋንቋ አንድ ስም ላይ ተገናኙ፤ ይህ የቃል ዘር ዝምድና ሳይሆን የሐሳብ ዝምድና ነው፣ በደብተርዎ ሌላ ገጽ ላይ ይጻፉት።

ደረጃ 8፦ ወጥመዶቹን መፈተሽ

ኦሮምኛ ሁለትን «ላማ»፣ ሲዳምኛ «ላሜ»፣ ሀድይኛ «ላሞ» ይላሉ። «ሁለት» ውስጥ «ለ» አለች፤ «ላማ» ውስጥም አለች። ወልቂጤና ቡታጅራ ደግሞ የኩሽና የሴም ቋንቋዎች በአንድ ገበያ የሚውሉባቸው ናቸው። ፈተናው ትልቅ ነው፤ ግን ተርታ ይጠይቁ። የኛ ቃል «ከ»ን ይዞ ነው የመጣው፤ በ«ላማ» ውስጥ የ«ከ» ዱካ የለም። የነሱ ቃል «መ»ን ይዟል፤ በኛ ውስጥ የ«መ» ዱካ የለም። የጋራቸው አንዲት «ለ» ናት፤ እርሷንም ቢሆን ገበያው ላይ ቸሃውም ክስታኔውም ጥለዋታል። አጋጣሚ ነው ብለው ይለፉት።

ሌላው ወጥመድ ጣፋጭ ታሪክ ነው። ሽማግሌው ቃሉ ከአንድ ንጉሥ ንግግር ወይም ከአንድ ቅዱስ መሰናከል እንደመጣ ቢተርኩልዎ በአክብሮት ይጻፉት፤ ተረት ራሱ የሚሰበሰብ ሀብት ነው። ነገር ግን ከተርታው ዐምድ ውስጥ አያስገቡት። ለአንድ ቃል ብቻ የሚሠራ ማብራሪያ አብዛኛውን ጊዜ ለዚያው ቃል የተፈጠረ ነው። በተለይ የሰፈርና የጎሣ ስም ላይ ይህ ይበዛል፤ ጀማሪ ከስም ቢሸሽ ይሻለዋል።

ደረጃ 9፦ ውጤቱን በአንድ ገጽ መመዝገብ

ከላይ ቃሉ፤ ከሥሩ እያንዳንዱ መልክ ከነተናጋሪው አገርና ዕድሜ (ስም አይጻፍ)፤ ቀጥሎ የድምፅ ሕጎቹ፣ ለእያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ምስክር ቃል፤ ቀጥሎ የግእዙና የሴማዊ ዘመዶቹ መልክ፤ በመጨረሻ ያልገጠመው ነገር። ያልገጠመውን መደበቅ አይገባም፤ የስልጤው «ሆሽት» ውስጥ ያለችው «ሽ» በኛ ገጽ ላይ ገና ምስክር ትፈልጋለችና በቀይ ትከበብ።

ይህን የጨረሰ ሰው ለቀጣይ ልምምድ ቡታጅራ ክትፎ ቤት ይግባ። አማርኛ «ሥጋ» የሚለውን ቸሃ «በሰር» ይላል፤ ሐረሪም «በሰር» ይላል። ዕብራይስጥ «ባሳር» ሲል ሥጋ ማለቱ ነው፤ ዓረብኛ ግን «በሸር» ሲል የሰው ልጅ ማለቱ ነው። አሁን ጥያቄው የአማርኛው «ሥጋ» ከየት መጣ፣ «በሰር»ስ አማርኛ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ይሆን የሚለው ነው። «ክትፎ»ን ከ«ከተፈ» ጋር ያያያዘ ሰው ለጉርሻ ያህል ጀምሯል፤ ምግቡ ሳይበርድ ግን ደብተሩ ይዘጋ።